ማንም ሳይሞትብኝ

ክፍሉ ቀድሞ የእህል ማከማቻ የነበረ ይመስለኛል። በሩ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ ቆሞ የሚደርስበት ሰው የለም። ደብረ ብርሃን ስድስት ዓመት ስኖር ብርዷን የለመድኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የለመድኩት ጋቢና ካልሲውን ኖሯል። ስገባ አስራ አንድ ሴቶች ካርቶን ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስሜንም ጥፋቴንም ሳይጠይቁ ሁሉም ያዩት አጭሩን ፀጉሬን ነው።

በር ላይ የፈተሸችኝ ፖሊስም ያየችው እሱን ነበር። ስልኬን፣ ቀበቶዬንና የጫማዬን ማሰሪያ ከተቀበለችኝ በኋላ ጣቷን ወደ ፀጉሬ ቀስራ «ይሄስ ምንድነው? ሴት አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ። የታሰርኩት ስልኬ ላይ በተገኘ ጽሑፍ ነው። ስለ ጽሑፉ ግን የዚያን ቀን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ፀጉሬን የተቆረጥኩት ከመታሰሬ አራት ወር በፊት ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ በኬሚካል ሳለሰልሰው ኖሬያለሁ፤ ጆሮዬ ሥር ያቃጠለኝ ቦታ ጠባሳው እስካሁን አለ። አንድ ቀን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ ወንዶች የሚስተካከሉበት ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። አስተካካዩ «እርግጠኛ ነሽ እህቴ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሲጨርስ መስታወቱ ውስጥ ያየኋት ሴት ግንባሯ ሰፊ፣ ጆሮዋ ትንሽ ነበር፤ ፀጉሯም የራሷ። ወደድኳት። በሰላሳ አራት ዓመቴ ገና መልኬን ወደድኩት ብል ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ይህን የሚያውቅልኝ አልነበረም። አጠገቤ የነበረችው ሴት ጠጋ ብላ «እግዜር ያጥናሽ» አለችኝ። በአገሩ ልማድ ሴት ልጅ ፀጉሯን የምትቆረጠው የቅርብ ሰው ሲሞትባት ነው። «እናት ነው አባት?» ስትለኝ እናቴ ትዝ አለችኝ። ሐዋሳ ናት፤ መታሰሬን አታውቅም፤ ስልኬ ሲዘጋባት ምን እንደምትሆን ደግሞ እኔ አውቃለሁ። እንባዬ መጣ። «እናት ናት» ተባባሉ።

ያኔውኑ አይደለም ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ።

አንዷ ጥቁር ሻሽ አሰረችልኝ። አንዷ ከግድግዳው ጥግ ቦታዋን ለቀቀችልኝ፤ በሩ ሥር የሚተኛ ነፋሱን ሲጠጣ ነው የሚያድረው። ሌላዋ ብርድ ልብሷን አጋራችኝ። ጠዋት ጠዋት ስንቅ የመጣለት ሰው ስም ይጠራል። የኔ ስም ተጠርቶ አያውቅም፤ ከተማው ውስጥ ዘመድ የለኝም፣ የሥራ ባልደረቦቼም ፈርተው ነበር፤ አልፈርድባቸውም። ሴቶቹ ግን «ሐዘንተኛ ብቻዋን አትበላም» እያሉ ወደ ሳህናቸው ይጎትቱኛል።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኔ ዝምታ በሦስተኛው ቀን መንቀዝ ጀመረ። በየቀኑ ዛሬስ እነግራቸዋለሁ እልና፣ ሳህኑን፣ ብርድ ልብሱን፣ «ተጠጊ» የሚለውን ድምፅ ሳስብ እተወዋለሁ። እንደዚያ ሰው በሞላበት ክፍል ውስጥ እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም፤ የሚያጽናኑት እኔን አልነበረማ።

ከሁሉም የሚከብዱኝ አንዲት እናት ነበሩ። የመጡት ከሰላ ድንጋይ ገጠር ነው፤ ስድሳ ይሆናቸዋል። ልጅዎን የት ደበቁት ተብለው ነው የታሰሩት። እሳቸው ግን የልጁን ድምፅ ከሰሙ ሰባት ወር አልፏቸዋል፤ ይሙት ይኑር አያውቁም። ሽበት የገባውን ሹሩባቸውን ልጁ ከሄደ ወዲህ ፈትተውት አያውቁም። ብዙ አያወሩም። እኔን ዝም ብለው ያዩኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ለጥፍር መቁረጫ አንድ መቀስ ይሰጠናል፤ ፖሊሷ እስክንጨርስ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በገባሁ በሁለተኛው ቅዳሜ መቀሱ እኔ ዘንድ ሲደርስ እኚህ እናት ተነሥተው መጡና ፊቴ ቁጭ አሉ። ሻሻቸውን አወለቁ።

«ቁረጪልኝ» አሉኝ።

«ምኑን እማማ?»

«ፀጉሬን ነዋ። ሙሉውን።»

እሳቸው ፀጉራቸውን ተቆረጡ ማለት ልጃቸው ሞቷል ብለው ተቀበሉ ማለት ነው፤ ይህ ለሁላችንም ገብቶናል።

«መርዶ መጣ እንዴ እማማ?»

«ምንም አልመጣ። አንቺን ሳይሽ ሰነበትኩ። የእናትሽን ቁርጥ አወቅሽ፣ ፀጉርሽን ቆረጥሽ፣ አልቅሰሽ ወጣልሽ። ይኸው ትተኛለሽ። እኔ ሰባት ወር ሙሉ ዓይኔን አልከደንኩም። እንዳንቺ ቆርጬ ልረፍ።»

ፖሊሷ ከበሩ «ቶሎ በሉ» አለች።

በሐሰቴ ሳህን ተጋርቼበት፣ ብርድ ልብስ ለብሼበት፣ አሁን ደግሞ የእኚህን እናት ልጅ ልገድልበት ነው። መቀሱን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«እናቴ አልሞተችም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«እናቴ በሕይወት አለች። ማንም አልሞተብኝም። እግዜር ያጥናሽ ስትሉኝ ዝም ያልኩት ብቻዬን መሆን ፈርቼ ነው።»

«ታዲያ ፀጉርሽን ምን አገኘው?»

«ወድጄ ነው የተቆረጥኩት። እንዲህ ሲሆን ያምርብኛል።»

ያምርብኛል የሚለው ቃል እዚያ ክፍል ውስጥ ሲወጣ አፈርኩ። መልሼ ልውጠው ግን አልፈለግኩም። ከገባሁ ጀምሮ ስለ ራሴ የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት እሱ ነበር።

አንዷ «እናቷን በቁሟ ቀበረቻት» አለች። ብርድ ልብሷን ያጋራችኝ ሴት ተነሥታ አጥፋ ወሰደችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እማማ መቀሱን አንሥተው ለፖሊሷ መለሱላትና ቦታቸው ሄደው ተቀመጡ። እኔ ጥቁሩን ሻሽ ፈትቼ፣ አጣጥፌ ለባለቤቷ ሰጠኋት። ከዚያ ካርቶኔን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ሂጂ ያለኝ አልነበረም፤ ቆዪ ያለኝም የለም። ምሳ ሲቀርብ ፊቴን ወደ ቆርቆሮው አዙሬ ተቀመጥኩ። ራሴ ባዶ ስለሆነ ነፋሱ ጆሮዬን ይቆነጥጠኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እማማ መጡ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ።

«እንግዲያው ሥሪኝ» አሉ።

«እማማ፣ እኔ ሹሩባ ሠርቼ አላውቅም።»

«ትማሪያለሻ። ልጄ ቢመጣ እንዲህ ተንጨባርሬ ያግኘኝ?»

ፈታሁት። ማበጠሪያ ስላልነበረን በጣቴ ለያየሁት። መስመሩ እየጠመመብኝ ሦስት ጊዜ አፈረስኩት። በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉና «በሬው ሰክሮ ነው ያረሰው» አሉ። ሌላ ሰው አልሳቀም፤ እኔ ግን ሳቅኩ። ጥቂት ቆይተው ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ፀጉሬን ነካ ነካ አደረጉት።

«እውነት ወደሽው ነው?»

«ወድጄው ነው እማማ።»

«እንግዲያው አፍ አውጥተሽ ተናገሪ። ሰውን የሌለ ሬሳ አታሸክሚ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለ ክስ ፈቱኝ። እስከዚያው ድረስ የተኛሁት በሩ ሥር ነው። ከእማማ በቀር እንደ በፊቱ የቀረበኝ አልነበረም፤ እሳቸውም ቢሆኑ የሚመጡት ሹሩባው ሲላላ ብቻ ነው።

ዛሬም ፀጉሬ አጭር ነው። ገበያ ውስጥ የማላውቃት ሴት ከንፈሯን መጥጣ «ማን ሞቶብሽ ነው?» ስትለኝ መልሴን አላሳድርም፤ «ማንም፣ ወድጄ ነው» እላታለሁ። አንዳንዷ ትቀየመኛለች። ለእናቴ ስለ እስሩ የሆነውን ሁሉ አጫውቻታለሁ፤ እሷን መቅበሬን ብቻ አልነገርኳትም።

እማማ መፈታታቸውን ሰምቻለሁ። ስለ ልጃቸው ግን የሰማሁት ነገር የለም። ሰላ ድንጋይ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት የሄደ ሰው ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ሳልሳፈር ተመልሻለሁ። በሩን ሲከፍቱልኝ መጀመሪያ የማየው ራሳቸው ላይ ሹሩባው መኖር አለመኖሩን ነው። ሳልጠይቃቸው መልሱን አውቀዋለሁ፤ እሱን ነው የፈራሁት።