የአምስቱ ሴቶች ብድር ያልተዘጋበት ምክንያት

የመጀመሪያ ደመወዜን በተቀበልኩ ቀን ለምን ሄጄ አልከፈልኩም? ዕዳው አርባ ሁለት ብር ነበር። የሚከፈልበት ጽሕፈት ቤት ሉማሜ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ወንድሜን ልጠይቅ ስሄድ፣ ለቅሶ ስደርስ፣ በዚያ በር ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። ረስቼው ነው እንዳልል አልረሳሁትም። አጥቼ ነው እንዳልል በዚያን ጊዜ ከአንድ ምሳ ዋጋ ብዙ አይበልጥም። እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም፤ ስለዚህ የሆነውን በቅደም ተከተሉ ከመጻፍ ሌላ የምችለው ነገር የለም።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ያለ ዕድሜዬ ተድሬ፣ ከባሌ ቤት ወጥቼ ወንድሜ ዘንድ ከገባሁ በኋላ፣ አንደኛ ክፍል የተቀመጥኩት በአሥር ዓመት ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር ነው። አራተኛ ክፍል ስደርስ ግን ከሠፈራችን ሴቶች መካከል ደረሰኝ አንብቤ የተጻፈውን መናገር የምችል እኔ ብቻ ሆንኩ። ያኔ አምስት ሴቶች በቡድን ብድር ወሰዱ። በቡድን ማለት አንዷ ካልከፈለች አራቱ ይከፍሉላታል፤ የአንዷ ካልተዘጋ የማናቸውም አይዘጋም ማለት ነው። እኔን ጸሐፊ አደረጉኝ። አባል አልነበርኩም፤ መሬትም በግም የሌላትን ማን ያበድራታል? ስሜ በመዝገቡ ላይ የትም የለም። ሥራዬ በየወሩ ከአምስቱ ሰብስቤ፣ ሉማሜ ወስጄ ከፍዬ፣ ደረሰኝ ይዤ መመለስ ነበር።

የመጨረሻውን ክፍያ በወሰድኩ ቀን «ምን እንደሚመጣ አይታወቅም» ብለው አሥር አሥር ብር ጨመሩልኝ። ሃምሳ ብር መሆኑ ነው፤ በመቀነቴ ጫፍ ቋጠርኩት። ገንዘብ ተቀባዩ ቆጥሮ ሲጨርስ፣

«መቀጮ አለባችሁ» አለኝ። «የፋሲካ ሰሞን አዘግይታችኋል። አርባ ሁለት ብር።»

«አልያዝኩም» አልኩት።

«እንግዲያው በሚቀጥለው አምጪ። ያለሱ አይዘጋም።»

የዋናውን ደረሰኝ ቆርጦ ሰጠኝ። ከዚያ ወጥቼ ከመናኸሪያው አጥር ሥር አሮጌ መጻሕፍት ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ላይ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ገዛሁ። በየወሩ ስመጣ ቆሜ የማገላብጠው ነበር። ሴቶቹ «እህ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ተዘግቷል» አልኳቸው። እልል አሉ። አንዷ ግንባሬን ሳመችኝ። በመስከረም አምስተኛ ክፍል ለመግባት ሉማሜ ወረድኩ፤ ከዚያ ደብረ ማርቆስ፤ በዚያው ቀረሁ።

ዛሬ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ የብድር ባለሙያ ነኝ፤ ነበርኩ ማለት ይሻላል፣ እሱን እደርስበታለሁ። ሰው ብድር የሚፈቅደው ሥራ አስኪያጁ ይመስለዋል። መጀመሪያ የሚታየው ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣው ወረቀት ነው። አመልካቹ ስለ እሱ መረጃ እንድንጠይቅ ፈቅዶ ይፈርማል። የመታወቂያ ቁጥሩን እናስገባለን። ኔትወርክ ካለ በደቂቃዎች፣ ከሌለ በቀናት፣ ከብድር መረጃ ማዕከሉ መልስ ይመጣል፤ ከየትኛው አበዳሪ ምን ያህል እንደወሰደ፣ ለማን ዋስ እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንዳዘገየ። አበዳሪ ሁሉ የራሱን ይልካል፣ አበዳሪ ሁሉ የሌላውን ያያል። በመጨረሻው ዓምድ ላይ ማዕረግ አለ፤ «መደበኛ» ብሎ ይጀምርና «ኪሳራ» ላይ ያበቃል።

ማዕከሉ ስጡ ወይም አትስጡ አይልም። ይህን ለስንቱ አስረድቻለሁ። «የከለከልነው እኛ ነን፤ ማዕከሉ ያሳየን ብቻ ነው» እላለሁ፤ የሚያምነኝ የለም። አንድ የእህል ነጋዴ ከሌላ ባንክ ወስዶ ያዘገየውን ሳነብለት ባርኔጣውን አወለቀ።

«ኧረ ይኼን የንስሐ አባቴም አያውቁ!»

«ምነው ደበቋቸው ታዲያ?» አለው ከጎኔ የሚቀመጠው ባልደረባዬ።

«ምን ሊጠቅመኝ እደብቃለሁ? እሳቸው ቢበዛ ስግደት ነው የሚያዙኝ። እናንተ ናችሁ ቤቴን የምትወስዱት።»

በእኛ ቅርንጫፍ ልማድ «ኪሳራ» የሚል ከታየ ቀጣዩ ገጽ አይገለጥም። የቤቱ ካርታ፣ የገቢው ማስረጃ፣ ሁሉም እዚያው ይቀራል። እኔ ደግሞ ከሁሉም የባስኩ ነበርኩ። የሦስት ቀን መዘግየት እንኳ አስምሬበት አቀርባለሁ። ባልደረቦቼ ጥብቅ ነች ይሉኛል፤ ለምስጋና የሚሉትም ነበሩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንዲት ሴት ካርታዋን በፌስታል ጠቅልላ መጣች። ከጃንጥላዋ የሚንጠባጠበውን ውኃ እያየሁ ነበር፤ ቀድማ ያወቀችኝ እሷ ናት።

«ውይ ጸሐፊያችን! እዚህ ነው የተደበቅሽ?»

የቡድኑ ሰብሳቢ የነበረችው ነች።

«እታለም!» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ተቀመጪ፣ ተቀመጪ፤ አለቃሽ ሥራ ፈታች እንዳይልሽ። ምነው እንዲህ ከሳሽ? ብሩን ብቻ ነው የሚያስቆጥሩሽ?»

ባሏ ከሞተ በኋላ መሬቱን ለልጇ ሰጥታ ሉማሜ ከተማ ገብታለች። በዋና መንገዱ ዳር ቤት አላት፤ ግማሹ ወፍጮ ቤት ነው። መብራቱ እየሄደ እየመጣ የወፍጮውን ሞተር አቃጥሎባታል። ደንበኞቿ ወደ ሌላ ወፍጮ እየሄዱ ነው። መኸር ከመግባቱ በፊት ሞተሩ ካልተተካ ቤቱን ሸጣ ልጇ ዘንድ ተመልሳ ጥገኛ መሆኗ ነው።

«ከምራቴ ጋር አንድ ጣራ ሥር» አለች፤ «እሷም እኔም ገዳም ብንገባ ይሻለናል።»

ቅጹን ሞላሁላት። ከዚህ በፊት ተበድረሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚለው ላይ ስደርስ ሳቀች። «አንዴ። እሱንም አንቺው ነሽ የዘጋሽልን።» አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቼ ፈቃዷን አስፈረምኩ።

አራት ቀን ኔትወርክ አልነበረም። በአራቱ ቀን ውስጥ አንድ ተስፋ ነበረኝ፤ የያኔው መዝገብ በእጅ የተጻፈ፣ መደርደሪያ ላይ የተረሳ ወረቀት ነው የሚል። በአምስተኛው ቀን መልሱ መጣ። አበዳሪው አሮጌ መዝገቦቹን ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ፣ ከመታወቂያ ጋር አገናኝቶ ልኳቸዋል። የብድሩ ዓይነት፦ ቡድን። የዘገየበት ቀን በሺዎች የሚቆጠር። ማዕረግ፦ ኪሳራ። ምክንያቱን የሚጠይቅ ዓምድ የለውም። ለራሴ የሠራተኛ ብድር ስጠይቅ የመጣልኝን ወረቀት አስታወስኩ፤ ባዶ ነበር፣ እንከን የማይወጣለት።

በማግስቱ መጣች።

«እታለም፣ የድሮው ብድር አልተዘጋም ይላል።»

«የቱ?»

«የቡድኑ።»

«ወረቀቱን አይጥ በልቶባቸው ይሆናላ! አንቺ አይደለሽም እንዴ የከፈልሽው? ንገሪያቸዋ!»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

ሉማሜ ሄድኩ። ያ ገንዘብ ተቀባይ ጡረታ ወጥቷል። በቦታው የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ መዝገቡን ፈልጎ አገኘው፤ «መቀጮ አልተከፈለም» የሚል በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። ወለድ በመቀጮው፣ መቀጮ በወለዱ ላይ እየተጨመረ አድጓል።

«ልክፈለው» አልኩት።

«መክፈል ይችላሉ። ይዘጋል። ግን ታሪኩ ላይ ይቆያል፤ ኪሳራ የነበረ፣ ዘግይቶ የተከፈለ ተብሎ።»

ይህን እኔ ለሌሎች ስናገረው ዓመታት ሆኖኛል። ሆኖም እንደማያውቅ ሰው ጠየቅኩ። «እንዲነሣ ከተፈለገስ?»

«የእኛ ስህተት ከሆነ እኛ ለማዕከሉ እንጽፋለን። መዝገባችን ግን ልክ ነው።»

«በመካከል ሌላ ሰው ያስቀረው ከሆነ?»

«ያ ሰው ይጻፍና ይፈርም፣ እኛም አያይዘን ተበዳሪዎቹ ጥፋት የለባቸውም ብለን እንልካለን።» ፈገግ አለ። «ግን እንዲህ ያለ ሞኝ ከየት ይመጣል ብለው ነው?»

ከፈልኩ። ደረሰኙን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ስመለስ በመስኮቱ ጤፉን እያየሁ አንድ ነገር እስኪቀለኝ ጠበቅኩ፤ ምንም አልቀለለኝም። ሰኞ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ «ዕዳው ተዘግቷል፣ ማመልከቻውን ለኮሚቴ እናቅርበው» አልኩት። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ።

«ኪሳራ የነበረበትን? አንቺ ነሽ ይህን የምትዪኝ? ሌላ ሰው ቢያመጣው አንቺው ነበርሽ የምትመልሺው።»

እውነቱን ነው። ማመልከቻውን ይዤ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

እሷ በየቅዳሜው ትደውላለች። «ነገርሻቸው?» ትለኛለች። «እያየሁት ነው» እላለሁ። «ቶሎ እይው እንጂ፤ ሰዉ እህሉን ተሸክሞ በደጄ ሲያልፍ ሰላም እያልኩ መሸኘት ሰለቸኝ።» ሦስት ቅዳሜ አለፈ። ደብዳቤውን ቤቴ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ጀመርኩት፤ «ተከፍሎ ሳይሆን አይቀርም»፣ «በአለመግባባት ምክንያት»፣ «ሳይተላለፍ በመቅረቱ»። የሌላ ሰው ማመልከቻ ላይ ባገኛቸው በቀይ የማሰምርባቸው ቃላት ናቸው። ቀደድኳቸው።

ምን እንደተፈጠረ አስቀድሜ ልናገር። ደብዳቤው ተጽፏል። ማዕከሉ ላይ ያለው መረጃ እስኪስተካከል ሁለት ወር ፈጀ፣ ብድሩም ከዚያ በኋላ ተፈቀደ፤ ሞተሩ የገባው የመኸሩ ግማሽ ካለፈ በኋላ ነው። ቤቱ አልተሸጠም። እኔ አልተባረርኩም፤ ከብድር ክፍል ተነሥቼ ማህደር ክፍል ገባሁ። «ለጊዜው ነው» ብለውኛል። እዚህ ማንንም አልመልስም፣ ማንንም አላሳልፍም፤ ፋይል በቁጥሩ እደረድራለሁ። ደክሞኝ ስለነበር ብዙም አልከፋኝም።

ይህ ሁሉ የመጣው ግን ከዚያ ከአራተኛው ቅዳሜ በኋላ ነው። እስክትደውል አልጠበቅኩም፤ በጠዋቱ ተሳፍሬ ሄድኩ። ወፍጮ ቤቱ ክፍት ነው፣ ግን ጸጥ ብሏል። ግድግዳው ላይ የቆየ ዱቄት አለ። በሚዛኑ አጠገብ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«እታለም፣ ወረቀታቸው አልጠፋም» አልኩ ገና ሳልቀመጥ።

ቀና ብላ አየችኝ።

«መቀጮ ነበረብን። አርባ ሁለት ብር። የሰጣችሁኝ ሃምሳ ብር በእጄ ነበር። አልያዝኩም አልኩት። መጽሐፍ ገዛሁበት፤ እናንተን ተዘግቷል አልኳችሁ።»

ሰፌዱን ከጉልበቷ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«መጽሐፍ?»

«መጽሐፍ።»

«እኛ እኮ መጽሐፉን እንገዛልሽ ነበር። ምን ይደርሰናል ለአምስት? ስምንት ብር።»

«ስምንት ብር ከአርባ ሳንቲም» አልኩ። ከአፌ ሳይወጣ ጠላሁት።

«ጉድ ነው! አሁንም ትቆጥሪያለሽ!» አለች። ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን ግማሽ ላይ ቆመ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። «ቆይ። የቡድናችን ታናሽ... ቁይ ከተማ ያገባችው። ዓምና ለላም መግዣ ብድር ጠይቃ ዕዳ አለብሽ ብለው መለሷት። ባሏ ‹ተደብቀሽ ተበድረሽ ለማን ሰጠሽው?› ብሎ አኮረፈ። እስካሁን በአንድ ገበታ አይበሉም። እሷ ደግሞ ያጠፋሽው አንቺ ነሽ ብላ እኔን ጠረጠረች፤ ሰብሳቢ አልነበርኩ? ለባሌ ተዝካር እንኳ አልመጣችም። እኔም የኛው ተዘግቷል ብዬ አምኜ ሌላ ዕዳ መሰለኝ፤ የማላውቀውን ነገር ምን ብዬ ላስረዳት?»

ይህን አላውቅም ነበር። ዕዳውን በብር ብቻ ነበር የማሰላው።

«ወረቀት ይዘሻል?» አለችኝ።

«ይዣለሁ።»

«ጻፊው እንግዲያ። የአምስታችንንም ስም። የራስሽንም።»

የሚዛኑን ሰሌዳ ጠርጌ በላዩ ጻፍኩ። በዚህ ቀን ይህን ያህል ገንዘብ ተቀብዬ ለራሴ አውዬዋለሁ፤ ተበዳሪዎቹ አያውቁም። ከአምስት መስመር አልበለጠም። ፈረምኩ። አጠገቤ ቆማ ፊደሉን ታያለች፤ ማንበብ አልተማረችም።

«አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት።

«ድገሚው።»

ደገምኩት። በሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑን ሰምታ አረጋገጠች። ከዚያ ምስሩን ወደ ውስጥ አስገባች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ የወፍጮ ቤቱን በር ገጥማ ቆለፈች።

«ነይ» አለችኝ። «የደጀን መኪና ሳይሞላ እንውጣ፤ ከዚያ ወደ ቁይ እንሳፈራለን። ለእሷ በወረቀት አይሆንም፤ ባሏ ባለበት፣ ባፍሽ ነው የምትነግሪያት።»