ዘጠኝ ቀን ሰው ቤት ያደረው ዳዊት

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባላል። እኔ ደግሞ ስንጥሩን ስፈልግ ገንፎው የሚቀዘቅዝብኝ ዓይነት ሴት ነበርኩ። ለነገሩ በጣሊያን ዘመን ቀራኒዮ ውስጥ ያልጠረጠረ ማን ነበር? ባንዳው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ሰው ለጎረቤቱ ሰላምታ እንኳ የሚሰጠው መጥኖ ነበር።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው እኔንም ከመንደሩ ወንዶች ልጆች ጋር ፊደል አስቆጠሩኝ። ሲሞቱ በእጃቸው የጻፉትን የብራና ዳዊት ተዉልኝ። "የእግዚአብሔር ቃል ነው፤ አይጨመርበትም፣ አይቀነስለትም" ብለውኝ ነበርና እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀው ነበር።

ጎረቤቴ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ሥራ ላይ ለጣሊያን የተቀጠረ የሠራተኞች አለቃ፣ ካቦ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ መጣና፣ "እቴ፣ እናቴ ታማብኛለች። ዳዊቱን አውሺኝ፣ ልድገምላት። ቢበዛ ሦስት ቀን ነው" አለኝ። አባቴ ዘንድ አብረን ፊደል የቆጠርን ነንና እምቢ ለማለት አፈርኩ።

ሦስቱ ቀን ዘጠኝ ሆነ። ጣሊያኖች ካህናቱን የጣሊያንን ንጉሥ ስም በጸሎት ጥሩ ይሏቸዋል የሚል ወሬ ነበር። ጸሎቱን ከነኩ መጽሐፉን ለምን ይምሩታል? ይሄ ሰው ዳዊቴን ለአለቆቹ ሰጥቶ፣ ፍቀው የፈለጉትን ጽፈውበት ቢሆንስ? ሲመልስልኝ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ምንም ሳያወራ ቶሎ ሄደ። ገለጥ ሳደርገው አንዱ ገጽ ላይ የጧፍ ሰም ተንጠባጥቧል። በቃ፣ ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ለተቀመጡት ሴቶች፣ "በዚያ በካቦው ጎረቤቴ ፊት አፋችሁን ሰብስቡ፤ የሰማውን የሚያደርስበት ቦታ አለው" አልኳቸው። ምን አይተሽ ነው ያለችኝ የለችም። ባላቸው ወይ ልጃቸው ጫካ የገባባቸው ነበሩና እንዲህ ያለ ነገር ለነሱ ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ ዳዊቱን መመርመር ጀመርኩ። እንደ ወትሮው በቃሌ ሳይሆን፣ እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ እየተከተልኩ። ባልንጀራውን በስውር የሚያማ ሰው ከተነቀፈበት ስፍራ ስደርስ ጣቴ ቆመ። በልጅነቴ በቃሌ የያዝኩት ነው፤ ስንት ዓመት በላዩ ላይ ሳልፍ ኖሬአለሁ። ሳይፋቅ፣ ሳይደለዝ፣ አባቴ እንደጻፉት ነበር። አፈርኩ፤ ቢሆንም ማንበቤን ቀጠልኩ፣ አንድ የተለወጠ ነገር እንዳገኝ ተመኝቼ። ምንም አልነበረም።

ጨርሼ መጽሐፉን በዘጋሁበት ሳምንት እናቱ ሞቱ። ለቀብር የወጣነው አሥር አንሞላም። ቃሬዛውን የሚቀበለው ጠፍቶ ልጃቸው ከቤት እስከ መቃብር ትከሻ ሳይቀይር ተሸከማቸው።

በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሄጄ ያልኩትን ሁሉ ነገርኩት።

"እናቴ፣ ስጨርስ እንደገና ጀምርልኝ ትለኝ ነበር። ለዚህ ነው የቆየሁት" አለኝ። "ሰሙንም ያልፋቅሁት ፊደሉን እንዳልነካ ፈርቼ ነው።"

"ይቅር በለኝ።"

"እኔስ ይቅር ብዬሻለሁ። ግን ደጀ ሰላም ላይ ያፈረስሽውን እዚህ ጓዳዬ ገብተሽ አትጠግኚውም።"

እውነቱን ነበር። ግን በዚያ ጊዜ ለጣሊያን ካቦ ጥብቅና መቆም ምን እንደሚያስከትል ሁለታችንም እናውቃለን። እስከ እሑድ ድረስ፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳልሄድ ምነው በታመምኩ እያልኩ ተመኘሁ። አልታመምኩም።

ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ቦታ ቆሜ፣ "ስለ ካቦው የነገርኳችሁ ሐሰት ነው። ያየሁት የለም፤ ከሆዴ አውጥቼ ነው የተናገርኩት" አልኩ።

ሁሉም አቀረቀሩ። ፈትል ያስተማሩኝ ባልቴት ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡና ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው፣ "እሷንም ጣሊያኖቹ ገዟት" አሉ።

ሰማኋቸው፤ የተናገሩትም እንድሰማ ነበር።