ወንድሜ ትቶልኝ የሄደው ውሃ

ወንድሜ ሲያገባ አልጋውንና መጽሐፎቹን በአይሱዙ ጭኖ ወደ አያት ሰፈር ሄደ። አኳሪየሙን ግን ተወልኝ። መስታወቱ ትልቅ ስለሆነ መንገድ ላይ ይሰበራል ብሎ ፈርቶ ነው። «ለጊዜው አንቺ ጋ ይቆይ» አለኝ። ስድስቱ ብርቱካናማ ዓሦችም ከእኔ ጋር ቀሩ።

ቤታችን ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ካለ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። እናታችን ስታርፍ ወንድሜ ገና ትንሽ ልጅ ስለነበር ያሳደግሁት እኔ ነኝ። በእሱ ምክንያት ሳታገባ ቀረች የሚሉ ዘመዶች አሉን። እውነት ባይሆንም አልከራከራቸውም። አኳሪየሙ ሳሎናችንን ለሁለት ከፍሎ ይቆማል። ከወዲያ ማዶ የእሱ አልጋ ነበር፤ ከወዲህ የእኔ ወንበርና ጠረጴዛ።

ከሥራ ወጥቼ ከአራት ኪሎ እስክመለስ ይመሻል። ፊት ለፊታችን የነበሩት ቤቶች ፈርሰው ሰዎቹ ከሄዱ ወዲህ በመስኮት የሚገባ የጎረቤት መብራት እንኳ የለም። በሩን ከፍቶ ጨለማ ውስጥ መግባት እየከበደኝ ሲመጣ፣ ጠዋት የአኳሪየሙን መብራት ሳላጠፋ መውጣት ጀመርኩ። ቆይቶ ማታም ማጥፋቱን ተውኩት።

ውሃው ቀስ በቀስ አረንጓዴ ሆነ። መጀመሪያ ዓይኔ ነው ብዬ ነበር፤ በኋላ ግን ጎመን የተቀቀለበት ውሃ መሰለ። ግማሹን ቀድቼ ብቀይረው ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ያው ነው። ወንድሜ ማታ ማታ ይደውላል። «ዓሦቹስ?» ይለኛል፤ «ደህና ናቸው» እለዋለሁ።

መሥሪያ ቤት አንዲት ባልደረባዬ አረንጓዴ ውሃን የሚያጠራው አልትራቫዮሌት መብራት ነው ብላ ነገረችኝ። ፒያሳ ወዳለ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ገብቼ በዚያ ስም ስጠይቅ ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጥ ረጅም አምፖል አወጡልኝ። ለምን እንደምፈልገው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ያን ዕለት ማታ የድሮውን አምፖል አውጥቼ አዲሱን ስሰካው አረንጓዴው ጠፋ። ውሃው ጥልቅና ሰማያዊ ሆነ። ከሥር ያሉት ነጭ ጠጠሮች አበሩ፤ በውሃው ላይ የሚንሳፈፈው የጨርቅ ብናኝ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። ዓሦቹ ብቻ ቀለማቸው ጠቁሮ እንደ ጥላ ይመላለሳሉ። ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ ላክሁለት። «አበጀሽ፣ ከእኔ ይልቅ አወቅሽበት» ብሎ ጻፈልኝ። እራቴን እየበላሁ ደጋግሜ አነበብኩት።

አንድ እሑድ ከሚስቱ ጋር ለምሳ መጡ። ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። ወንድሜ ገና ከመግባቱ መጋረጃውን ገለጠና አኳሪየሙ ፊት ቆመ። በቀን ብርሃን ውሃው ከቀድሞው የባሰ ወፍሮ ነበር። አየር የሚሰጣቸው ፓምፕ ስለቆመ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ።

ከምሳ በኋላ ሐምራዊውን አምፖል ነቅሎ አየው። ይህ ለጭፈራ ቤት ማድመቂያ የሚሆን እንጂ ውሃ የሚያጠራ እንዳልሆነ፣ አረንጓዴውን ከዓይን ደብቆት እንደነበር ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ከዚያ መብራቱ በቀን ለስንት ሰዓት እንደሚበራ ጠየቀኝ።

«አይጠፋም» አልኩት።

«ለምን?»

ሚስቱ ታየኛለች። «ስገባ ጨለማ እንዳይሆንብኝ ነው።»

ወንድሜ አምፖሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሚስቱ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ ውሃ ስትከፍት ሰማኋት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻውን መጣ። ፓምፕ ያለው ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ይዟል። እውነተኛው አልትራቫዮሌት እዚያ ውስጥ ተዘግቶ ነው የሚበራው፤ ዓይን ስለሚጎዳ ከፍቼ እንዳላይ አስጠነቀቀኝ። ውሃው በቱቦው ሲያልፍ አረንጓዴ ያደረገው አልጌ ይሞታል አለኝ። ለላይኛው መብራት ደግሞ በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ሶኬት ገጠመለት። ማታ ስገባ እንዲበራ አድርጎ ነው ሰዓቱን የሞላው። ይህን ያደረገው ሳልጠይቀው ነው።

ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆመና «እቴቴ፣ እኛ ጋ ብትገቢስ?» አለኝ።

ሥራዬም ቤተ ክርስቲያኔም እዚህ እንደሆነ ነገርኩት። «እሱማ ልክ ነሽ» አለ። እምቢ ያልኩት እኔው ነበርኩ፤ ግን አንዴ ደግሞ ቢለኝ ብዬ ደረጃውን እስኪወርድ ቆሜ ጠበቅሁ።

ውሃው መጀመሪያ አጓት መሰለ፤ ከዚያ በየቀኑ እየጠራ ሄደ። አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ መስታወቱ ውስጥ ውሃ ያለ አልመሰለኝም። ወዲያ ማዶ ያለው ግድግዳ ወለል ብሎ ታየኝ፤ አልጋው ተጠግቶበት የነበረው ቦታ ቀለሙ እንዳዲስ ነው፣ ጃኬቱን የሚሰቅልበት ምስማርም አለ። በዚያ አረንጓዴ ውሃ ተከልዬ ለወራት ወደዚያ ሳላይ ነው የኖርኩት። ዓሦቹን ስቆጥራቸው አምስት ናቸው። አንዱ መቼ እንደሞተ አላውቅም። ለወንድሜ ስነግረው «ያረጀ ነበር» ብሎ አጽናናኝ።

ውሃው ከጠራ በኋላ የእሱ መደወል እየሳሳ ሄደ። አልፈረድኩበትም፤ የሚጠይቀው ነገር አልቆበት ነው። አንድ ማታ እኔ ደወልኩለት።

«ምነው፣ ዓሦቹ ምን ሆኑ?» አለኝ።

«ምንም አልሆኑም። ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ አልተዘጋም። ከዚያ የፎቃቸው ሊፍት ከተበላሸ እንደሰነበተ፣ የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ ሲወጣ ወገቡን እንዳመመው ያወራልኝ ጀመር። ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ።