«ተመለሱ» የምትል ሞተር ይዞ ለሽምግልና

ሰቆጣ፣ ጎህ ሲቀድ

አያ ሞላን ከኋላዬ ጭኜ ሞተሬን አስነሳሁ። ነጭ ጋቢ፣ አዲስ ከዘራ፣ ለአቧራው ፊት መሸፈኛ ሻሽ። የሰፈሬ ሽማግሌ ናቸው፤ አምደወርቅ የምታስተምረውን እጮኛዬን ከአባቷ ሊጠይቁልኝ ነው። ሁለቱ ጓደኞቻቸው ትናንት በሚኒባስ ሄደው እዚያ አድረዋል። ሦስተኛው ካልደረሱ ሽምግልና የለም።

ሞተሯን የገዛሁት አገሩ ከገባ ፈረንጅ ነው። መሪዋ ላይ አብሮ የተሠራ መንገድ ጠቋሚ አላት፤ ሰቆጣ ጉድ ብሎላታል፣ እኔም ተኮፍሼባታለሁ። ከከተማ እንደወጣን ከጠቋሚው ውስጥ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ተናገረች።

«ምን አለች?» አሉኝ አያ ሞላ።

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ደህና አድርጌ ተረጎምኩላቸው። «ተመለሱ ነው የምትል።»

ረፋድ፣ መንገድ ዳር ሻይ ቤት

ፈረንጁ ቤቴ ብሎ የመዘገበው አዲስ አበባን ነው መሰል፣ በየመታጠፊያው ተመለሱ ትላለች። አያ ሞላ ገዱ አላማረኝም ብለው ወረዱ። እኔ መፍቻ አወጣሁ። ድምፅ መቀነሻው ተሰብሯል። የቤቱን አድራሻ ልሰርዝ ብል የምስጢር ቁጥር ጠየቀችኝ። ባትሪውን ነቅዬ መለስኩት፤ ከበፊቱ ጮክ ብላ ተመለሱ አለች። ሻይ ጠጪው ሁሉ ወጥቶ ይመክረኛል፤ አንዱማ ውሃ አፍስስባት አለኝ። ፊውዟን ስነቅል ሴትዮዋ ጸጥ አለች፣ ክላክሱም አብሯት።

«ዝም ስላሰኘሃት ያለችው ይቀራል?» አሉ አያ ሞላ። «ከሄድሁ ለልጅቱ አባት እነግራለሁ። ሽማግሌ ደብቆ ልጅ አይጠይቅም።»

እንዳይነግሩ ለመንኳቸው፤ አልሰሙኝም። እንዲሁ ጭኛቸው ጉዞ ቀጠልን።

አምደወርቅ፣ እኩለ ቀን

ገብስ፣ ኮረት፣ ገደል፣ ደግሞ ገብስ። የገበያ አህያ መንገዱን ሲዘጋው አያ ሞላ ከኋላዬ «ዘወር በሉ!» ይላሉ፤ ከክላክሱ ይሻላሉ።

ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይገባምና ከአጥሩ ውጭ ቀረሁ። በቀዳዳው አያለሁ። ሦስቱ ቆመዋል፤ አባትየው ፈቅደው ተቀመጡ እስኪሉ ሽማግሌ አይቀመጥም። አያ ሞላ የሞተሯን ነገር አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። አለቀልኝ አልኩ።

አባትየው ወደ አያ ሞላ ዞሩ።

«በየመታጠፊያው ተመለሱ እየተባላችሁ ነው የመጣችሁ?»

«አዎን።»

«ለልጄ ይህን ያህል ከታገላችሁማ ተቀመጡ እንጂ» አሉ።

እኔም ከአጥሩ ውጭ፣ ኮረቱ ላይ ዝርፍጥ አልኩ።