ላልሞቱ ሾሾ ያለቀስን ዕለት

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን መጀመሪያ ማልቀስ ከለከለችኝ፤ ቀጥሎ አገልግሎት ውስጥ አስገባችኝ።

ክልከላውን ይዛ የመጣችው የአገልግሎት አስተባባሪያችን ናት። አዲስ አበባ ቀብሬው ናይሮቢ ወደ ሥራዬ በተመለስኩ ሰሞን ቤቴ መጥታ እጄን ያዘችና፣ «እህቴ፣ እኛ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አናለቅስም። እሱ እኮ ጌታ ጋ ነው» አለችኝ። ጌታ ጋ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ያስቸገረኝ እኔ ጋ አለመሆኑ ነበር። ይህን ብናገር ምስክርነቴ ይበላሻል ብዬ ዝም አልኩ። እሷ ደግሞ ዝምታዬን ጽናት ብላ እሁድ ለጉባኤው ተናገረች፤ ጉባኤውም አሜን አለ። ከዚያ ወዲያ በሰው ፊት ማልቀስ የማይቻል ነገር ሆነብኝ። የጽናት ምሳሌ ተብሎ ከተጨበጨበለት በኋላ ማን ደፍሮ ያለቅሳል?

አገልግሎቱ ደግሞ «ሰፈራችንን እናገልግል» የሚል ነበር። ሐሳቡን ማንም አልተቃወመም፤ ችግሩ ሰፈራችን ኪሌሌሽዋ መሆኑ ነው። ኪሌሌሽዋ ውስጥ የሚገለገል ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ሁሉም ሠራተኛ አለው፣ ሁሉም መኪና አለው፣ ችግረኛ የሚባሉት ጠዋት በማታቱ፣ በታክሲ ሚኒባስ፣ መጥተው የእኛን ቤት ሲያጸዱ ይውሉና ማታ በማታቱ ይመለሳሉ። እነሱን እንዳናገለግል ሥራ ላይ ናቸው። ቢጫ ካናቴራ አሠርተን፣ ጥቅስ አሳትመንበት፣ ለብሰነው ስናበቃ የሚገለገል ሰው አጣን።

በመጨረሻ እኔ ከምኖርበት ሕንጻ ምድር ቤት ያሉትን ሾሾን አገኘን። ሾሾ አያቴ እንደማለት ነው፤ ሕንጻው በሙሉ የሚጠራቸው እንዲያ ነው። ኬንያዊት ናቸው፤ አርጅተዋል፣ ባላቸው ሞቷል፣ በምርኩዝ ይሄዳሉ። አስተባባሪያችን ይህን ስትሰማ የጠፋ በግ ያገኘች መሰለች።

ሁለት ጊዜ ሄደን አገለገልናቸው። ስድስት ሰው ሆነን ሦስት ሰው በሚይዝ ሶፋ ላይ ተጣበቅን፣ በአማርኛ ዘመርን፣ በአማርኛ ጸለይን። ሾሾ ድምፃችን ጋብ ባለ ቁጥር «አሜን» ይሉ ነበር። ስንወጣ እጃቸው ለሚንቀጠቀጠው አሮጊት ትልቅ አናናስ ሰጠናቸውና ከነአናናሱ ፎቶ አነሳናቸው። እኛ በር ሳንወጣ አናናሱ አስካሪው፣ የግቢው ዘበኛ፣ እጅ ገብቷል።

የዚህ ሁሉ አስቂኝነት የሚታየኝ ባለቤቴ ከሁላችንም ቀድሞ የሾሾ ወዳጅ ስለነበረ ነው። እሱ ከቢሮ ሲመለስ ፎቅ ከመውጣቱ በፊት ሾሾ ቤት ገብቶ ወተት የበዛበት ሻይ ይጠጣ ነበር። በተሰባበረ ስዋሂሊ ውሎውን ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ያርሙታል፤ ደግሞ ያንኑ ስህተት ይደግመዋል። አገልግሎት ብሎት አያውቅም። እንዲያውም የአገልግሎት ስብሰባ ሲጠራ «ሾሾ ጋ ነኝ» ብሎ ያመልጥ ነበር። ከሞተ በኋላ ስለ እሱ የሚያወሩኝ እሳቸው ብቻ ሆኑ። ሌላው ሰው ስለ መንግሥተ ሰማያት ነበር የሚያወራኝ።

ሾሾ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲወድቁ ታዲያ እኔም አብሬ ወደቅሁ ማለት ይቻላል። ሩንዳ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የሚኖረው ልጃቸው ትልቅ ሰው ነው፤ ቤቱም ትልቅ ነው፤ የእናቱም መኖሪያ የእሱ ንብረት ነው። «በቃ፣ ማማ እኔ ጋ ትኖራለች» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን እንዴት ደስ ይለኝ ነበር።

ሾሾ መሄድ አልፈለጉም። «ሩንዳ አጥር ነው» አሉኝ አንድ ቀን፣ መስኮታቸው አጠገብ ተቀምጠው። «አጥር፣ ከዚያ ሌላ አጥር፣ ከዚያ ውሻ። እዚህ ሰው ሲገባና ሲወጣ አያለሁ። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተጣላ፣ ማን አዲስ ጫማ እንደገዛ አውቃለሁ። ልጄ ‘እኔ ቤት ምንም ሥራ አይኖርብሽም’ ይለኛል፤ ይህን ሲለኝ ደስ የሚለኝ ይመስለዋል።»

«እምቢ ይበሉት።»

«አንቺ ለአስተባባሪሽ እምቢ ብለሽ ታውቂያለሽ?»



የሚወስዷቸው ቅዳሜ ከሰዓት እንዲሆን ተቆረጠ። ልጃቸው ነገር በወጉ የሚሠራ ሰው ስለሆነ ዘመድ ጠራ፣ የእናቱን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጠራ፣ ለስንብት ጸሎት ግቢው ውስጥ ነጭ ድንኳን አስተከለ። ናይሮቢ ውስጥ ድንኳን ለሁሉም ነገር ይተከላል፤ ለልደት፣ ለሽምግልና፣ ለምርቃት። እኔም ተጠርቼ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ቆመው በዝግታ ይጸልያሉ፤ ጥቁር ሱፍ የለበሱ ወንዶች አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ነጭ ሻሽ ያሰሩ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሁለት ጎረምሶች የሾሾን ፍራሽ ተሸክመው ከቤት ወደ መኪና ያወጣሉ። ሾሾ ውስጥ ናቸው፣ ጫማ እያደረጉ። ከጸሎቱ በፊት ጀምሮ እያደረጉ ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችን ሚኒባስ ግቢው በር ላይ የቆመው ያኔ ነው። አስተባባሪያችን ለሦስተኛ ጊዜ ልታገለግላቸው ቡድኗን ቢጫ አልብሳ መምጣቷ ነበር። በሩ ተከፈተ። ከፊት ለፊት ድንኳን፣ የተደረደረ ወንበር፣ ጥቁር ሱፍ፣ የሚጸልይ ሽማግሌ፣ ተሸክመው የሚያወጡት የአሮጊት ፍራሽ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን አይቶ ‘ምንድን ነው?’ ብሎ አይጠይቅም።

አስተባባሪያችን ነጠላዋን ከቢጫው ካናቴራ ላይ አዘቀዘቀች።

«ወይኔ እናቴን! እናቴን!»

የቀሩት አራቱ ተከተሏት። «ሳንጠግብዎት! ሳንጠግብዎት!» ትላለች አንዷ፤ ሁለት ጊዜ ነው ያየቻቸው። ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አታልቅሺ ያለችኝ ሴት ደረቷን እየመታች ድንኳኑ መሃል ደረሰች። ኬንያውያኑ ደንግጠው ተነሱ። የሚያለቅስ ሰው ሲያዩ ሰው የሞተባት እሷ ናት ብለው አሰቡ፤ ማንም ጤነኛ ሰው እንዲያ ነው የሚያስበው። አንድ በአንድ እየመጡ እጇን ጨብጠው «ፖሌ፣ ፖሌ ሳና» ይሏት ጀመር። ፖሌ ጣቱን በር ለቆረጠፈውም፣ ባሏ ለሞተባትም የሚባል የማጽናኛ ቃል ነው። የእኛ ሴቶች ደግሞ የሟች ቤተሰብ ሆኖ እንግዳን ማጽናናት እንዴት ያለ ትሕትና ነው ብለው ለቅሶውን ጨመሩት። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ላይ ሁለት አገር እርስ በርሱ ተጽናና።

እኔ ተነስቼ «በሕይወት አሉ እኮ፤ ጫማ እያደረጉ ነው» ማለት ነበረብኝ። ግቢው ውስጥ ሁለቱንም ወገን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ተነሳሁም። አፌንም ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጓዴን! ጓዴን! ጓዴን!»

ለምን ያን ጊዜ እንደመጣ አላውቅም። ምናልባት ለወራት ፈልጌ ያጣሁት ድንኳን ስለነበር ይሆናል። ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። አስተባባሪያችን የራሷን ለቅሶ አቋርጣ ዞር ብላ አየችኝ፤ ለአሮጊት ጎረቤት ‘ጓዴ’ ተብሎ እንደማይለቀስ ታውቃለች።

በዚህ መሃል ሾሾ በአንድ እግራቸው ጫማ፣ በሌላው ካልሲ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ደጃፋቸው ላይ ብቅ አሉ። አስተባባሪያችን አየቻቸው። ሙታን እንደሚነሱ ስታስተምር ዓመታት አልፈዋል፤ አንዷ ስትነሳ ግን ከኋላዋ ካለው ወንበር ጋር ተያይዛ ወደቀች።

«ማን ሞተ?» አሉ ሾሾ።

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ።

«ባሌ» አልኩ ከሣሩ ላይ።

ልጃቸው ጎንበስ ብሎ በጨዋነት፣ «ማማ፣ እሳቸው እኮ ከሞቱ ቆይተዋል» አላቸው።

«ለእሷ ዛሬ ነው የሞተው። ወንበር አምጣ።»

ወንበር መጣ። ሾሾ አጠገቤ ተቀመጡና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው፤ ያባብለኝ ይሁን ይንቀጥቀጥ መለየት አይቻልም። አስተባባሪያችን አቧራዋን አራግፋ መጣችና በጆሮዬ፣ «እህቴ፣ በርቺ እንጂ፣ ሰው ያያል» አለችኝ።

«ምን አለች?» አሉ ሾሾ። ተረጎምኩላቸው።

«ይይ! እኔ ሳልሞት ስትጮህ የነበረችው እሷ አይደለችም? ተዪያት በያት።»

አስተባባሪያችን ስዋሂሊ ትሰማለች። «ሾሾ፣ እኛ እኮ አለንላት፤ ሁልጊዜ እንጸልይላታለን» አለች።

«ጸልዩ። ማን ከለከላችሁ? ስታለቅስ ግን አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋታል፤ እናንተ ደግሞ ሥራ ይበዛባችኋል።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ፍራሹን መልሱት።»

«ማማ፣ ተነጋግረን ጨርሰናል እኮ።»

«አንተ ነህ የጨረስከው። እዚህ ሥራ አለኝ፤ ይኸው ሣር ላይ ተቀምጧል፣ አታይም?»

«ብትወድቂስ?»

ሾሾ እኔን አዩኝ። ሁሉም እኔን አየኝ። የምኖረው በቀጥታ ከእሳቸው በላይ ነው። አፍንጫዬን በነጠላዬ ጠረግሁና፣ «ቢወድቁ ይሰማኛል። ጠዋትና ማታ እወርዳለሁ» አልኩ። በእምነት የተሞላ ንግግር አልነበረም። አስተባባሪያችን ‘እኛ እንከታተላቸዋለን’ ለማለት አፏን ስትከፍት ስላየሁ ቸኩዬ ነው።

ልጃቸው ፍራሹን፣ መኪናውን፣ እናቱን ተራ በተራ አየ። ዘመዶቹ ፊት እናቱን ጎትቶ መኪና ውስጥ የሚያስገባ ሰው አይደለም። ለመታጠቢያ ቤቱ መያዣ ብረት እንዲገጠም፣ ቀን ቀን አንዲት ሴት እንድትመጣላቸው ተስማማና «ለጊዜው ነው» አለ። ሽማግሌው ያዘጋጁትን ጸሎት መለወጥ ስላልፈለጉ፣ በሰላም ለሚሄዱት እናታችን ጌታ መንገዳቸውን ያቅናላቸው ብለው ጨረሱ። ሾሾ ጮክ ብለው «አሜን» አሉና ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

እሁድ አስተባባሪያችን መድረክ ላይ ወጥታ፣ በአገልግሎታችን ምክንያት አንዲት አረጋዊት እናት ከቤታቸው እንዳይወጡ ጌታ ረዳን ብላ መሰከረች። ፎቶም ነበር፤ እኔ ሣሩ ላይ፣ ቢጫ ካናቴራዎች በዙሪያዬ። የሚያናድደው ውሸት አለመሆኑ ነው። እነሱ ባይጮሁ ሾሾ ዛሬ አጥር እያዩ ይውሉ ነበር። እግዚአብሔር በማን እንደሚሠራ መምረጥ ለእኔ ቢሰጥ ኖሮ ብዙ ነገር በተስተካከለ ነበር፤ አልተሰጠኝም፣ እኔም እንደሌላው አሜን አልኩ።

ሾሾ ሥራቸውን አጥብቀው ያዙት። ማታ ስወርድ ቴሌቪዥናቸውን ያጠፋሉ። ካለቀስኩ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ አይጸልዩም፣ ጥቅስ አይጠቅሱም፣ ‘ይበቃል’ አይሉም። ካላለቀስኩ ስለ ጎረቤቶቹ ያወሩኛል። አንዳንዴ ስለ እሱ የማላውቀውን ይነግሩኛል፤ ሻይ ውስጥ ዳቦ እየነከረ ይበላ እንደነበር፣ እኔ ፊት ግን ማድረግ ያፍር እንደነበር። በዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ተናደድኩ፤ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ።

ባለፈው ሳምንት ከቢሮ ደክሜ ገብቼ ከነጫማዬ አልጋ ላይ ጋደም አልኩ። ዛሬስ አልወርድም፣ አንድ ቀን ቢቀር ምን ይሆናሉ አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ከአልጋዬ ሥር ወለሉ ተንኳኳ። ሾሾ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን እየመቱ ነበር። እንደገና ተንኳኳ፣ በርታ ብሎ። የወደቅሁ መስሏቸዋል።

ተነስቼ ወለሉን በተረከዜ መታሁና መውረድ ጀመርኩ።