በቁሙ የተለቀሰለት ወንድሜ

ጸጉር አስተካካዩ አረፋውን ቀብቶ ምላጩን ማጅራቴ ላይ ሲያሳርፍ ዛሬም ሰውነቴ ይሸማቀቃል። ምላጩ የቆረጠኝ መስሎት «ይቅርታ አባባ» ይለኛል። ምን ብዬ ላስረዳው? የእኔ ነገር የቆየ ነው፤ ከጣሊያን ዘመን የመጣ።

ያኔ እኔና ታላቅ ወንድሜ ከሸዋ ሮቢት በላይ ባለው ተራራ ላይ አርበኞች ነበርን። ጠላት ሳይወጣ ጸጉራችንን ላንነካ ምለን፣ ጎፈሬያችን ባርኔጣ የማያስገባ ሆኖ ነበር። አንድ ዐርብ አለቃችን ጠራኝና «እናትህን አይተህ እሑድ ማታ ተመለስ። በዚህ ጎፈሬ ከተማ ከገባህ ግን አንገትህን ይዘህ አትወጣም» አለኝ። የላጨኝ ወንድሜ ነው። «ጆሮህ ይህን ያህል ትልቅ መሆኑን ደብቀኸን ኖሯል» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ለእኛ ለዱር ሰዎች ሮቢት ትልቅ ከተማ ነበረች። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስገባ የቆላው ሙቀት ፊቴን ገረፈኝ። አዲሱ መንገድ ሬንጅ ሬንጅ ይሸታል፤ የጣሊያን ካሚዮኖች እያጓሩ ያልፋሉ። ከእናቴ ቤት ጣሪያ ሥር ሁለት ሌሊት ልተኛ ነው ብዬ ደስታዬን አልቻልኩትም።

እናቴ ደጃፏ ላይ ማሽላ ታበጥር ነበር። ቀና ስትል የተላጨ ራሴን አየች፤ ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። በእኛ አገር ጎፈሬ ያሳደገ ሰው ድንገት የሚላጨው ሐዘን ሲደርስበት ነው። እኔ ደግሞ ከወንድሜ ሌላ ማን አለኝ? ስላጭ እኔም እሱም ይህን አለማሰባችን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

«ወይኔ ልጄን! ወይኔ የበኩር ልጄን!»

ሮጬ ሳቅፋት ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጡ ነበር። ከኋላቸው ሁለት የጣሊያን ወታደሮች ከአስተርጓሚ ጋር ተከተሉ። በጆሮዋ «አልሞተም እማዬ፣ ደህና ነው» አልኳት። እጇ ደረቷ ላይ ቀረ።

አስተርጓሚው «የሞተው ማነው? ይሄስ ማነው?» አለ።

እናቴ አየችኝ። «የሞተው ትልቁ ልጄ ነው፤ ወባ ገደለው። ይሄ ታናሹ ነው፤ ከማጀቴ ከተማ ሊያረዳኝ መጣ» አለችና እንደገና ደረቷን ትደቃ ጀመር።

ወታደሮቹ ሄዱ፤ ለቅሶው ግን ቀጠለ። ሁለት ቀን ሙሉ በሕይወት ላለ ሰው ተቀመጥን። ጎረቤቶች ንፍሮ ቀቅለው አመጡ፤ ሴቶቹ ሙሾ አወረዱለት። እናቴ ከመሐላቸው ጎንበስ ብላ «አምላኬ፣ ውሸቴን ነው፤ እንዳትሰማኝ» ስትል ሰማኋት። እሑድ ስንሰነባበት «ለወንድምህ እንዳትነግረው» ብላ አስማለችኝ። አልነገርኩትም።

ጠላት ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ወንድሜ ተመትቶ ወደቀ። መርዶውን ይዤ ተደብቄ ስገባ እናቴ አልጮኸችም። ማንንስ ትጠራለች? ለሰፈሩ ሰው ወንድሜ ድሮ የሞተ ነው።

«ያን ቅዳሜ በአፌ ገደልኩት» አለች።

«እኔን ልታድኚ ብለሽ እኮ ነው፣ እማዬ።»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ሁለታችሁም ልጆቼ ሆናችሁ ሳለ፣ አንዱን መረጥኩ።»

በሩን ዘግቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩ። ጎረቤት እንዳይሰማን ድምፃችንን አፍነን፣ ሁለታችን ብቻ አለቀስንለት።