ኮንዲሽኑ የተነሳ ቀን

ካናዳ የገባሁት በጋብቻ ነው። ባለቤቴ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት ቶሮንቶ ኖሯል። አዲስ አበባ መጥቶ ተጋባን፣ ተመልሶ ስፖንሰር አደረገኝ። ያኔ በነበረው ሕግ የተሰጠኝ የመኖሪያ ፈቃድ ኮንዲሽን ነበረው፤ ሁለት ዓመት ከባሌ ጋር በአንድ ቤት መኖር አለብኝ። ከተለያየን ፈቃዱን ልነጠቅ እችላለሁ።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ግን በደንብ አላውቀውም ነበር። ከሠርጋችን በፊት አብረን ያሳለፍነው ጊዜ ቢደመር ከአንድ ወር አይበልጥም። ስለዚህ ፓርክዴል በሚባለው የቶሮንቶ ሰፈር ያለው ባለአንድ መኝታ አፓርትመንቱ ስገባ፣ ምንም ቢመጣ ከዚህ ሰው ጋር አልጣላም ብዬ ወሰንኩ።

አልተጣላሁም። ለሁሉም ነገር "እሺ" አልኩ። ሂተሩ ቤቱን ሲያግለው እሱ በክረምትም መስኮት ከፍቶ መተኛት ይወዳል። "ይበርድሻል እንዴ?" ሲለኝ "ኧረ በፍጹም" እልና በሹራብ እተኛለሁ። ቅዳሜ ጓደኞቹ ሲመጡ፣ ከሥራ ዝዬ ብገባም አብስዬ አስተናግዳለሁ። ነርሲንግ መማር እመኝ ነበር፤ አንስቼው አላውቅም። እሱ ቸርች ውስጥ "ሚስቴ እኮ ተቆጥታ አታውቅም" እያለ ይኮራብኛል።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንዲት እናት ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

"ልጄ፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ እማማ። ምነው?"

"እንጃ፣ በገዛ ቤትሽ እንግዳ ትመስዪኛለሽ።"

"ይጸልዩልኝ" ብቻ አልኳቸው።

ሁለተኛው ዓመት ሳይሞላ፣ አረጋውያን የምንከባከብበት ሥራዬ ላይ ምሳ እየበላሁ ስልኬ ጠራ። ባለቤቴ በሥራ ሰዓት ኮል አድርጎ አያውቅምና ደነገጥኩ።

"ኮንዲሽኑን አነሱት!" አለ። "አሁን በሬዲዮ ሰማሁ። ያንቺም ተነስቷል። እንኳን ደስ አለሽ!"

ስልኩን ዘግቼ ሽንት ቤት ገባሁና አለቀስኩ።

ከሥራ ስመለስ ኬክ ገዝቶ ጠበቀኝ። ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ "መስኮቱን ዝጋው" አልኩት።

"የቱን መስኮት?"

"የመኝታ ቤቱን። ይበርደኛል። ከመጣሁ ጀምሮ ይበርደኛል!"

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ። የቅዳሜውን እንግዳም፣ ትምህርቱንም፣ ሁሉንም አወጣሁት። ጮኼ ነበር የምናገረው፤ የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ። እሱ የኬኩን ካርቶን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ ያየኛል።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብትጠላኝስ? ብታስመልሰኝስ?"

ፊቱ ተለወጠ። "እኔ? እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቀን ከአፌ ወጥቶ ያውቃል?"

አልወጣም። ተናዶ በነበረባቸው ቀናት እንኳ አልወጣም። ግን ባሎቻቸው በየጠቡ "አስመልስሻለሁ" የሚሏቸውን ሴቶች አውቅ ነበር።

"አላልክም" አልኩት። "ግን ማለት ትችል ነበር።"

የኬኩን ካርቶን ከጭኑ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"እውነትሽን ነው" አለ። "እኔ ሕጉን ረስቼው ነበር። አንቺ ግን መርሳት አትችዪም ነበር።" ተነስቶ መስኮቱን ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ። "በይ ቀጥዪ፣ ሌላስ ምን ቀረ?"

ሳላስበው ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ያን ቀን ይመስለኛል የተጋባነው።

በቀጣዩ መስከረም ትምህርት ጀመርኩ። በዚያ ክረምት ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት በመኪና ያደርሰኝ ነበር። ኤግሊንተን ጎዳና ላይ የከተማ ባቡር ግንባታ መንገዱን ዘግቶት ስንቆም፣ መጽሐፌን ከእጄ ወስዶ የአጥንቶችን ስም ይጠይቀኛል። አንዱንም በትክክል ማንበብ አይችልም። እየተጨቃጨቅን፣ እየሳቅን እንደርሳለን። ዛሬ ነርስ ነኝ፤ ለዚያ ሰው እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።